ናፍጣ የለመደ እጅ

ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች ነበሩ። የመጀመሪያው «ናፍጣ፣ ያለ ቱርቦ» ይላል፤ ሁለተኛው «ናፍጣ፣ ከነቱርቦው»፤ ሦስተኛው «ቤንዚን፣ ከነሱፐርቻርጀሩ»። ሾፌሩ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት ለማድረግ አራት ወር ፈጀበት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳቀበት። እሱ ግን ምሳውን እየበላ የሦስቱን ሞተሮች መግለጫ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ከረመ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የሚያውቀውን ያወቀው በጆሮውና እንዲህ በጣቱ እየተከተለ ነው። ያልገባው ነገር ሲኖር የጭነት መኪና ሾፌሮች ወደሚያርፉበት ቦታ ይሄድና ይጠይቃል። ከጠየቀ ደግሞ አያቋርጥም፤ ሰውየው ተናግሮ እስኪበቃው ዝም ብሎ ይሰማል። ለዚህ ይሆናል ብዙ የሚነግሩት።

ቅጹ የመጣው የጤና ቢሮው አዲስ ፒክአፕ ሊገዛ ስለሆነ ነው። ፒክአፑ የሚፈለገውም ለአንድ ሥራ ነው፤ ለረቡዕ ጉዞ።

ረቡዕ ረቡዕ ሾፌሩ መድኃኒት የያዘ የበረዶ ሣጥን ጭኖ ተራራው ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወጣል። ክትባት አለበት፤ ከሁሉ በላይ ግን የስኳር ሕመምተኞች መርፌ አለበት። የጤና ጣቢያው ፍሪጅ የሚሠራው በጄኔሬተር፣ ያውም በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። መድኃኒት ከሳምንት በላይ አስቀምጦ አያቆይም። ስለዚህ ረቡዕ ከቀረ ላይ ያሉት ሰዎች መርፌያቸው ቀረ ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን እያወቀ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ረቡዕ አላጎደለም። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መሪው ላይ እጁን ጭኖ አንድ ጊዜ «አንተ ታውቃለህ» ይላል፤ ሌላ ጸሎት አያበዛም። ከዚያ ይነሳል።

መንገዱ አራት ሰዓት ነው። ከከተማ ከወጡ በኋላ አንድም ማደያ የለም። ላይ የሚገኘው ነዳጅ ጄኔሬተሩ የሚጠጣው በርሜል ናፍጣ ብቻ ነው። ለሾፌሩ ነገሩ ግልጽ ነበር። ላይ ያለው ናፍጣ ነው፤ መኪናዋም ናፍጣ ትጠጣ። ቱርቦ ጉልበት ይጨምራል፣ አልጠላውም፤ ግን ተራራ ላይ የተበላሸ ዕለት የሚያክመው የለም። ሱፐርቻርጀር ደግሞ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶው፣ እየዞረ አየር በግድ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ጉልበቱ የጉድ ነው። ግን አየር የጎረሰ ሞተር ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ነው የሚጎርሰው። የመጀመሪያው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈና ከቅጹ ጋር ለግዢ ኃላፊው ሰጠ።

የግዢ ኃላፊውን መሥሪያ ቤቱ ከጀርባው «ነጥብ» ይለዋል። ወንበር ሲገዛም፣ መጥረጊያ ሲገዛም ሠንጠረዥ ዘርግቶ ነጥብ ሳይሰጥ አይውልም። ዕድሜው ከሾፌሩ በብዙ ያንሳል፤ ሸሚዙ ምን ጊዜም አዲስ የተተኮሰ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጥር ያመነ ሰው ነበር፤ አንዴ ያመነውን ቁጥር ደግሞ ማንም አያስለቅቀውም።

ሾፌሩ ውጤቱን ሊጠይቅ ሲገባ ሠንጠረዡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጉልበት፣ አርባ ነጥብ። ፍጥነት፣ ሃያ። ዘመናዊነት፣ ሃያ። መልክና ምቾት፣ ሃያ።

«ነዳጅ የሚገኝበት ቦታስ?» አለ ሾፌሩ።

«እሱ ዓምድ የለውም።»

«ታዲያ ዓምድ ይጨመርለታ።»

«ሠንጠረዡ ጸድቋል።»

«ማን አጸደቀው?»

«እኔ።»

ሾፌሩ ሠንጠረዡን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ አየ። «እኔ የጻፍኳትስ ገጽ?»

«ተያይዛለች።»

ተያይዛለች ማለት ማንም አያነባትም ማለት እንደሆነ ሾፌሩ የገባው ውሎ አድሮ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ደስ ብሎት ወጣ። አንጀቱን የሚያሳርረውም፣ ኋላ ሲያስበው፣ ያ ደስታው ነበር።

ቤንዚኗ ዘጠና አንድ ነጥብ አገኘች። ናፍጣዋ ሠላሳ አራት።

ቀይ ነበረች። ግቢው ውስጥ ስትገባ ሂሳብ ክፍሉም፣ ጸሐፊዎቹም፣ የጽዳት ሠራተኞቹም ወጥተው አዩዋት። ነዳጅ ሲረገጥባት ከኮፈኗ ሥር ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ሱፐርቻርጀሩ ነው። ወዲያው ስም ወጣላት፣ «ፉጨት»። ሾፌሩ ሲነዳት የኖረው የናፍጣ ፒክአፕ፣ «አሮጊቷ»፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ተወስዳ መስታወቷ ላይ «ለጨረታ» የሚል ወረቀት ተለጠፈባት። ቁልፏን ሲያስረክብ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «ምነው ጋሼ፣ ሬሳ የምታስረክብ መሰልክ» ብሎ ቀለደበት።

ሾፌሩ ፉጨትን ሦስት ቀን ከከተማ ውጭ ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ለካት። እግሩን ነዳጁ ላይ እንደ እንቁላል ካስቀመጠ፣ ማለትም ፉጨቱን ጭራሽ ካላስነሳው፣ ሙሉ ታንከር ቤንዚን ተራራ አድርሶ ይመልሳል፤ ግቢ ስትገባ የሚተርፈው የሁለት ጣት ያህል ነው። እግሩን ካከበደ መንገድ ላይ ትቀራለች። ቤንዚን በጄሪካን እንዳይጭን ደግሞ ከሰውና ከመድኃኒት ጋር መጫን ክልክል ነው። ይህንኑ ለኃላፊው ነገረው።

«እንግዲያው ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው» አለ ኃላፊው።

«እንዴት?»

«ዘጠና አንድ ነጥብ ያላት መኪና ያልቻለችው መንገድ መንገድ ነው? በሚቀጥለው ረቡዕ አብሬህ እወጣለሁ። በአንድ ቀን ደርሳ ከተመለሰች ተመለሰች። ካልሆነ ጉዞው በወር አንድ ጊዜ ይሁን ብዬ አቀርባለሁ።»

በወር አንድ ጊዜ። ሾፌሩ ደሙ ፈላ፤ ግን ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነው። «በወር አንዴ ከሆነ ሦስቱን ሳምንት መርፌውን ምን ያድርጉት?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱ የሕክምና ክፍል ነው። የእኔ ግዢ ነው።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ በዚያ ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ በገመድ አስረው የወጡት።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት በሰላም አለፈ። ሾፌሩ እግሩን እንደ እንቁላል አስቀምጧል። ኃላፊው መጀመሪያ መስኮት ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ከፍ አደረገ፣ ከዚያ የወንበሩን ማሞቂያ ሞከረ፣ ከዚያ ሰለቸው።

«ምነው፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?»

«ነዳጁ ነው፣ ጌታዬ።»

«እስኪ አንዴ ስጣት!»

«ከሰጠኋት ለመመለሻ አይበቃንም።»

«ይህን ሁሉ ጉልበት ታቅፈን እንድናስተኛት ነው የገዛናት? ዛሬ እኮ ፈተና ላይ ናት። ምን ብዬ ልጻፍላት፣ ተኝታ ወጣች ብዬ?» አለና ቀጥ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርሱ እጁን ሰዶ የሾፌሩን ጉልበት ወደ ታች ገፋው። ፉጨት አፏጨች። ወንበሩ ከኋላ ጀርባቸውን መታቸው። ኃላፊው እንደ ልጅ ሳቀ። ሾፌሩ ያየው ግን የነዳጁን መለኪያ ነው፤ መርፌው ዓይኑ እያየ ወረደ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። በሦስተኛው፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሾፌሩ «እባክዎ፣ በሚወዷት እናትዎ ይሁንብዎ» ብሎ ለመነው፤ ኃላፊውም ትንሽ አፍሮ እጁን ሰበሰበ።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ የነዳጅ መለኪያው መርፌ ከግማሽ በታች ነበር። ሾፌሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ሂሳብ ብቻ ቀረ። መውረድ ነው፣ መውረድ ብዙ አይፈልግም፤ ግን መሀል ላይ አጭሩ ዳገት አለ፤ ከዳገቱ በኋላ ደግሞ ሜዳው። ይደርሳል? ላይደርስ ይችላል። ዜሮ ማርሽ ላይ ቢለቃትስ? በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ ብቻውን አይታመንም።

በሩን የከፈቱላቸው ዘበኛው ናቸው። ረጅም ካፖርት የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም የስኳር መርፌውን ከሚጠብቁት አንዱ ናቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«እሰይ! አዲሷ ሙሽራ መጣች!» አሉ። «ቆንጆ ናት። ግን ዳገቱ ላይ ሆና ስታፏጭ ሰማኋት፤ ሴት ልጅ እንዲህ ታፏጫለች?»

«ያስፏጯት ሌላ ሰው ናቸው፣ አባባ» አለ ሾፌሩ ኃላፊውን ሳያይ። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ የበረዶ ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ።

በሽማግሌውና በሾፌሩ መካከል የቆየ ልማድ አለ። ሾፌሩ ሣጥኑን ይዞ ሲገባ ዘበኛው ከጄኔሬተሩ ቤት ሁለት ጄሪካን ናፍጣ ያወጣሉ፤ በቱቦ መኪናዋ ታንከር ውስጥ ይገለብጣሉ፤ ክዳኑን ያጠብቃሉ። ከዚያ በመዳፋቸው የመኪናዋን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ሾፌሩ ውስጥ የትም ይሁን ያንን ሲሰማ እጁን ያነሳል፤ በመስኮቱ ያዩታል። በቃ። ነገሩ የተጀመረው በሁለተኛው ዓመት አንድ ዝናባም ቀን ሾፌሩ እንዳይበሰብስ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሙላልኝ ያለ የለም፣ ልሙላ ያለ የለም።

ውስጥ የጤና ጣቢያው ሲስተር ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወደ ፍሪጅ ታስገባለች፤ ሾፌሩ አብሯት ይቆጥራል። ኃላፊው የደረሱበት ሰዓት ተጽፎ እንዲፈረምለት ወረቀት ዘርግቷል።

«ስለ መኪናዋ ብቃት አስተያየት የሚል ቦታ አለ፤ ይሙሉልኝ፣ ሲስተር» አላት።

«እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? ረቡዕ ረቡዕ ትምጣ፤ ካሻት እየጨፈረች ትምጣ።»

«እሱ ከነጥብ አይቆጠርም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚቆጠረው?» አለችና ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ሰላሳ ሁለት አልክ ወይስ ሰላሳ ሦስት?»

ያኔ ከውጭ ተሰማ። ዷ፣ ዷ። ሁለት ጊዜ።

ሾፌሩ «ሰላሳ ሦስት» አለ፤ እጁን ወደ መስኮቱ አነሳ፤ መቁጠሩንም ቀጠለ።

ሲወጡ ኃላፊው ቁልፉን ጠየቀ። «መውረጃውን እኔ ልንዳ። አንተ ስትነዳ ፈተናው አይታይም» አለ። መንጃ ፈቃድ አለው፤ አለቃም ነው። ሾፌሩ ሰጠው። በጎኑ ተቀምጦ መኪናዋ ስትነሳ ከልማድ የተነሳ ዓይኑን ወደ መስኮት፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ። ሞተሩ ደህና ነው። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ የቀረው ንጹሕ ቤንዚን ነበርና ደህና ይሆናል። ዘበኛው በሩን እየዘጉ እጃቸውን አወዛወዙ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ኃላፊው ከት ብሎ ሳቀ።

«ትጠጣለች፣ ትጠጣለች ስትል አልነበር? ና እየው እስኪ! መለኪያው እኮ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ኧረ ይቺ መኪና ነዳጅ ትሠራለች እንጂ አትጠጣም! ይህንንማ ሪፖርቱ ላይ ነው የምጽፈው...»

ሾፌሩ መለኪያውን አየ። ያ «ዷ፣ ዷ» አሁን ገና ጆሮው ገባ። እጁን ሲያነሳም ራሱን አየ። 

«ያቁሙ!»

«ምን?»

«ሞተሩን ያጥፉት! ናፍጣ ነው የገባባት!»

«የምን ናፍጣ? ማን ናፍጣ አለ?»

በዚህ መሀል አጭሩ ዳገት ተጀመረ። ሞተሩ ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚቀጠቅጥ መሰለ፤ ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ። ከኋላ ነጭ ጭስ ተከፈተ።

«ታንቃ ነው» አለ ኃላፊው። «ጉሮሮዋን ላጽዳላት!»

«እግርዎን ያንሱ፣ በፈጣሪ! ፒስተኑን ይበላዋል! እግርዎን ያንሱ!»

«አንተ እኮ ስጣት ሲባል አትወድም!» ብሎ ኃላፊው እስከ ወለሉ ረገጠው። ፉጨት ለመጨረሻ ጊዜ አፏጨች። ሱፐርቻርጀሩ ያንን ቤንዚንና ናፍጣ የተቀላቀለበት ነገር ከነአየሩ ሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ ወተፈው። ቀጥሎ የተሰማው የብረት ድምፅ ነው፤ ብረት ብረትን ሲሰብር የሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ዝምታ። ኃላፊው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ቀ...ቀ...ቀ፣ ከዚያ እሷም ቀረች።

ሾፌሩ ወርዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መጮህ ፈልጎ ነበር። አራት ወር በጣት እየተከተሉ ማንበብ፣ አንዲት ገጽ፣ ሠላሳ አራት ነጥብ፣ ሦስት ቀን ልኬት፣ ይኸው፤ መኪናዋ ዳገት ላይ እንደ ድስት ትጨሳለች። ግን ጮኾ ማንን ይሰድባል? ኃላፊውን? ገና አሁን ነው ፊቱ የልጅ ፊት የሆነው፤ የተተኮሰ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ሽማግሌውን? ዘጠኝ ዓመት ያስለመዳቸው ማን ሆነና! ስለዚህ ስድቡን ሁሉ ዋጠው። 

ኔትወርክ የሚገኘው ከፍ ያለች ድንጋይ ላይ ወጥተው ነው። ሾፌሩ ለመሥሪያ ቤቱ ሜካኒክ ደወለ። ሜካኒኩ የሚመጣበት ሌላ መኪና ስላልነበረ ከመጋዘኑ ጀርባ «ለጨረታ» የሚለውን ወረቀት እንኳ ሳይልጥ አሮጊቷን አስነስቶ መጣ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ድምጿን ከሩቅ ሰማት፤ ድክ ድክ ድክ፣ የማትቸኩል፣ የማታፏጭ። የሾፌሩ ዓይን እንባ ሞላ፤ አቧራ ነው ብሎ ጠረገው።

«ሰው ሞቷል ብዬ ነበር» አለ ሜካኒኩ ሲወርድ። ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተና አፍንጫውን ያዘ። «ኧረ ሞቷል እንጂ!»

በብረት ገመድ አሰሯት። ሾፌሩ አሮጊቷን ነዳ፤ ኃላፊው ፉጨት ውስጥ መሪ ይዞ ተቀመጠ። ሞተሩ ለማይሠራ መኪና መሪውም ፍሬኑም ድንጋይ ነውና እስከ ከተማ ሲታገል ወረደ። ሾፌሩ በመስታወቱ አልፎ አልፎ አየው። አንዴም ቶሎ አልነዳበትም።

በማግስቱ ሜካኒኩ ፈትቶ አየ። «ናፍጣው ብቻውን ቢሆን ታንከሩ ይታጠባል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ በሁለት ቀን ትነሳ ነበር» አለ። «ሁለት ፒስተን የበላው እግር ነው። ዕቃው ከውጭ ካልታዘዘ አይገኝም። መቼ ይመጣል? እሱን እኔንም ጠይቁኝ፣ ሰማዩንም ጠይቁት።»

ኃላፊው ሾፌሩን ጠርቶ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሰጠው። አንዱ መስመር «ስህተቱን የፈጸመው ሠራተኛ» ይላል።

«ዘበኛውን ጻፍ» አለው። «ሳይታዘዝ፣ ሳይጠይቅ፣ ቤንዚን መኪና ላይ ናፍጣ ገለበጠ። አጭር ነው። ፈርመህ አምጣልኝ፣ ጋሼ።» ጋሼ የሚለው አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

ሾፌሩ ቅጹን ይዞ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ሲዘረጋ ከትከሻው በላይ አነበበችው። ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው፤ ዛሬ የምታነበው ከሱ ፈጥና ነው።

«ሽማግሌውን ልታስባርር?»

«ሳይጠይቁ መቅዳታቸው እውነት ነው። ውሸት አልጽፍም።»

«ውሸት ጻፍ አልኩህ? ግማሽ አትጻፍ ነው ያልኩህ።» ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ሲቀዱ አንተ የት ነበርክ?»

«ውስጥ። ብልቃጥ እየቆጠርኩ።»

«አልሰማህም?»

ሾፌሩ ብዕሩን አስቀመጠ። መሥሪያ ቤቱ፣ መናኸሪያው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ያለው ሰው ይለዋል። የጎረቤቱን ፍሪጅ ከቤቱ ሆኖ ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይናገራል። «ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰምቼ እጄን አነሳሁ።»

«እንግዲያው እሱን ጻፈው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ ጻፈ፦

«ዘበኛው ናፍጣ የቀዱት ዘጠኝ ዓመት እንደቀዱት ነው። ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። አዲሷ መኪና ቤንዚን እንደምትጠጣ መንገር የእኔ ሥራ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ቀድተው ሲጨርሱ በምልክታችን አሳወቁኝ፤ ሰማሁ፤ እጄንም አነሳሁ፤ ግን ልብ አላልኩም። ይህ የእኔ ስህተት ነው። ሞተሩ ድምፅ ሲለውጥ መሪውን የያዘው ኃላፊው ነበር። ያጥፉት አልኩ፤ አልጠፋም። እግርዎን ያንሱ አልኩ፤ እስከ ወለሉ ተረገጠ። ሜካኒኩ ፒስተኑ የተበላው በዚህ ነው ይላል። በዚያ መንገድ ላይ ናፍጣ እንጂ ሌላ ነዳጅ እንደሌለ መኪናዋ ሳትገዛ በፊት በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቼ ነበር። ገጿ ተያይዛለች።»

ኃላፊው አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«የእግሩን ነገር አውጣው።»

«እርስዎ ያውጡት፣ ጌታዬ። በብዕርዎ ይሰርዙና አጠገቡ ይፈርሙበት። እኔ የጻፍኩትን አልሰርዝም።»

«እንደ እኔ ዓይነቱን ሰው እያስከፋህ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ብዕሩን አነሳ። ወረቀቱ ላይ አንዣበበበት። መልሶ አስቀመጠው። ሪፖርቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ዘጋው። «ይታያል» አለ።

«ደህና። ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ምን?»

«መድኃኒቱ። የቀረው አራት ቀን ነው።»

«መኪና የለም። ደግሞ አልተመለሰችም እኮ፤ በወር አንዴ እንደሚሆን ነግሬህ ነበር።»

«አሮጊቷ አለች።»

«ለጨረታ ተመዝግባለች።»

«ለጨረታ የተመዘገበች ናት እኛን ጎትታ ያመጣችን» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «ፈቃድ ይፈርሙልኝ።»

«የለም ብያለሁ።»

ሾፌሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኃላፊው ሌላ ወረቀት አነሳ፣ ስልክ ደወለ፣ ሻይ አስመጣ፣ ጠጣ። ሾፌሩ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልተናገረም፣ አላፈጠጠም። ሰው ተናግሮ እስኪበቃው መጠበቅ የሚችል ሰው፣ ሰው ዝም ብሎ እስኪበቃውም መጠበቅ ይችላል። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ኃላፊው ቁልፉን አነሳ፤ ሾፌሩ አልተነሳም።

«እዚሁ ልታድር ነው?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ፊርማውን።»

ኃላፊው ቆሞ አየው። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ፤ ሪፖርቱን ገፋ አድርጎ ከሥሩ የመኪና ፈቃድ ቅጽ አወጣ። ቆሞ ፈረመ። «ለአንድ ጉዞ ብቻ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ረቡዕ አሮጊቷ ወጣች። መስታወቷ ላይ ያለውን ወረቀት የንብረት ክፍሉ «እሱ እንዳይነሳ፣ ተመዝግቧል» ስላለ ሾፌሩ በ«ለጨረታ» ጎን አንገቱን አዘንብሎ እያየ ነዳ።

ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው። የፉጨት ዕቃ አልመጣም። ቀይዋ መኪና ግቢው መሀል፣ ባንዲራው ሥር ቆማለች፤ አቧራ ለብሳ ቀለሟ ጡብ መስሏል። ሠንጠረዡ ላይ አሁንም ዘጠና አንድ ነጥብ አላት። ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልተሰረዘም፣ አልተፈረመም፣ ሽማግሌውንም የነካቸው የለም። ሾፌሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚለውን ቅጽ እንደገና ይሞላል፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። ሃያኛው ላይ ደርሰዋል። አንዳንዴ ሾፌሩ በመንገድ ላይ ይህን ሲያስብ ጥርሱን ያፋጫል። ሃያ ቅጽ! አንዲት ዓምድ ብትጨመር ኖሮ!

ላይ ሲደርስ ሽማግሌው በሩን ይከፍታሉ። አሁን ግን ሣጥኑን ይዞ እስኪገባ አይጠብቁም። ጄሪካኑን ይዘው መኪናዋ ጎን ይቆማሉ።

«ምን ትጠጣለች?» ይሉታል።

«ናፍጣ፣ አባባ። ያቺው አሮጊቷ እኮ ናት።»

«እርግጠኛ ነህ፣ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እሱም አያሳምናቸውም፤ ክዳኑን ከፍተው ጎንበስ ብለው ያሸታሉ፣ ከዚያ ነው የሚቀዱት። በፊት እንዲህ አልነበሩም። ሾፌሩ በየሳምንቱ ይህን ቆሞ ያይና ሣጥኑን ተሸክሞ ይገባል። ሲስተሯ መቁጠር ትጀምራለች፤ አብሯት ይቆጥራል። ከውጭ ይሰማል፤ ዷ፣ ዷ።

እጁን አያነሳም። የያዘውን ብልቃጥ ቀስ ብሎ ያስቀምጥና፣ «አንዴ ቆዪኝ፣ ሲስተር» ብሎ፣ ወጥቶ ያያል።